ስድስት ዋት

እታለም፣

የበዓል መብራቶችሽን ከካርቶኑ አውጥቼ፣ የተቋጠረውን ገመድ እየፈታሁ ነው የምጽፍልሽ። እሑድ ቤቱ ድንገት ሲጨልም «ያ ጌጥሽ ነው ያስጠፋብን» ብዬሽ ነበር። አንቺም «እሺ የኔ መሐንዲስ፣ ይኸው ነቀልኩት!» ብለሽ እስከ ዛሬ ዘጋሽኝ።

ዛሬ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው አንዷ አምፖል የዋት ስድስት መቶኛ ትበላለች። አምፖሎቹ መቶ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው።
በድምሩ ስድስት ዋት።

አልጋዬ ሥር ማሞቂያ አለ። አዎ፣ ቤት እንዳናስገባ የተስማማነው ዓይነት።
አንድ ሺህ አምስት መቶ ዋት።
እሑድ አንቺ ልብስ ስትተኩሺ እሱም በርቶ ነበር።

ማሞቂያው የሚበላው ያንቺን ዓይነት ጌጥ ሁለት መቶ ሃምሳ ያበራል ማለት ነው። ደግሜ ባሰላውም አልቀነሰልኝም።

ከእንግዲህ ካውያ ስትሰኪ በሬን አንኳኪ፣ አጠፋዋለሁ። መስኮቴ እንደማይገጥምና ብርድ እንደሚያስገባ ሦስት ጊዜ ነግሬሽ ነበር፤ ዛሬ ግን እሱን አላነሳም።

አሁን ሰቅዬ ጨረስኩ። መቶውም በርተዋል። ባዶውን ካርቶን ቁም ሳጥኑ ላይ መልሼዋለሁ።