ስለ ጀርባዬ የዋሸሁት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ጤናሽን ስጠይቅሽ ደህና ነኝ ብለሽ እንደምታልፊኝ ስለማውቅ ዛሬ ወገብሽን ለብቻው እጠይቀዋለሁ። ወገብሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ልጆቹ ሰላም ናቸው? እኔም ሚስቴም ደህና ነን። መልስ ሳልጽፍልሽ ሦስት ወር የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። አፍሬ ነው።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ጀርባህ እንዴት ሆነልህ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሳ አደራ ብለሽኛል። ያንን ካነበብኩ ወዲህ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር መልሼ አስቀምጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመት ዓመት እየጎበጥኩ ስሄድ፣ ሚስቴ መሬት ላይ የጠፋብህ ነገር አለ ወይ እያለች ስትቀልድብኝ ቆይታ በመጨረሻ እጄን ይዛ ፊዚዮቴራፒ ወሰደችኝ። የምታክመኝ ልጅ እግር ናት፤ ትእዛዟ ግን አይጣል ነው! በልቤ አሥር አለቃዋ እላታለሁ። የጀርባ አጥንቴን አንድ በአንድ በጣቷ ስትዳብስ ቆየችና፣ ጋሼ አጥንትዎ ምንም አልሆነም፣ ዕድሜ ልክዎን ሆን ብለው የጎበጡ ነው የሚመስሉት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

እትዬ፣ ሆን ብዬ ነበር።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የውሃው ጀሪካን ከበደኝና አንድ ቀን ጀርባዬን አመመኝ ብዬ ጎበጥኩ። እማዬ ደነገጠች። በማግስቱም ጎበጥኩ። ሳምንት ካለፈ በኋላ ደግሞ ቀና ብል ውሸቴ ይታወቃል ብዬ ፈራሁና በዚያው ቀረሁ። የቀረውን አንቺው ታውቂዋለሽ። የእኔም ጀሪካን አንቺ ላይ ወደቀ፤ ውሃ ቀድተሽ እስክትመለሺ የትምህርት ቤቱ ደወል እያለፈብሽ ከስድስተኛ ክፍል ቀረሽ። እኔ በሽተኛው ተማርኩ። የደብተር ቦርሳዬን እንኳ እስከ በሩ ትይዢልኝ ነበር። ምነው ያኔ አፈር በበላኝ!

መሥሪያ ቤት ለሚጠይቀኝ ሁሉ መዝገብ ላይ ሳቀረቅር ነው የጎበጥኩት እላለሁ። ያምኑኛል፤ ማን ይጠረጥራል?

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን እሄዳለሁ። አገጭ ወደ ውስጥ፣ ትከሻ ወደ ኋላ፣ የላስቲክ ገመድ መጎተት ነው ሥራዬ። የመዝገብ ቤት ሰዎች ሹመት አገኘህ እንዴ እያሉ ያሾፉብኛል። ባለፈው ማክሰኞ አሥር አለቃዋ ከግድግዳ አስጠግታ፣ ተረከዝዎም ትከሻዎም ጭንቅላትዎም ግድግዳውን ይንካ አለችና አናቴ ላይ በእርሳስ አሰመረች። ከመጀመሪያው ቀን በሁለት ጣት በልጬ ተገኘሁ። ሚስቴ አጨበጨበች። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ለምን መሰለሽ? የጓዳችን በር መቃን ትዝ ብሎኝ ነው። በየዓመቱ እዚያ አቁመሽ ቁመቴን በከሰል ትለኪኝ ነበር። የጎረቤቱን ልጅ ልብለጠው ብዬ፣ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ፣ ተረከዜንም ትከሻዬንም ለጥፌ ቀጥ እል ነበር። እጅሽ አናቴ ላይ አርፎ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ ታሰምሪና፣ ጎሽ አድገሃል ብለሽኝ፣ ጀሪካኖቹን አንስተሽ ትወጫለሽ። ሁለቱንም።

አሥር አለቃዋን ስላንቺ ነገርኳት። የእሷ ወገብ እንደ እርስዎ ባይቃናም ሕመሙ ይቀልላታል፣ ያምጧት ብላኛለች። ቅዳሜ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ። ሻንጣሽን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ክርክር አልፈልግም። ስንገናኝ ዓይንሽን ማየት ካቃተኝ አትቆጪኝ። እዚያ መቃን ላይ ቀጥ ስል እያየሽ ውሸቴን አውቀሽ እንደነበርም አልጠይቅሽም፤ አንቺም አትመልሺልኝ።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ሕመምሽን ወደ እኔ ያዙርልኝ።

የተሸከምሽኝ
ታናሽ ወንድምሽ