ፊልምህን ከእድርተኛው ጋር አየነው

ውድ ወንድሜ ባርናባስ፣

ተቀምጬ መጻፍ አልሆነልኝም፤ ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ ታስቀኛለህ፣ ከሳቅሁ ወዲያ ደግሞ ቁጣዬ አይመለስም።

ፊልምህን አየነው። ያሳየን አባባ ነው። የወሩ የእድር ስብሰባ ሲያልቅ «ማንም እንዳይሄድ፣ ልጄን እናያለን» ብሎ እድርተኛውን በሙሉ አስቀመጠ። ቴሌቪዥኑን ከቤት በባጃጅ አስመጥቶ፣ ኮቱን ለብሶ ከፊት ተቀመጠ።

ከዚያ አንተ መጣህ፣ ዘበኛ ሆነህ። እናታችን የሰጠችህ ጥቁረት አልበቃቸው ብሎ ፊትህን ቀለም ቀብተውሃል። ሊፍት ፈርተህ ትጮሃለህ፣ የእመቤቲቱን ምግብ ትሰርቃለህ፣ ይህን ሁሉ በእኛ በጌዴኦዎቹ አማርኛ። ቀያዮቹ ይፋቀራሉ፣ አንተ በር ትከፍታለህ። ይህንንስ እችለው ነበር፤ ስንቱን እንዲህ ያለ ፊልም አብረን እየሳቅን አላየንም? ግን ከመናገርህ በፊት ባርኔጣህን አውልቀህ ደረትህ ላይ አደረግህና ሁለቴ ጉሮሮህን ጠረግህ። ይሄ የማን እንደሆነ በሰፈራችን የማያውቅ አለ እንዴ? ለቅሶ ላይ እድሩን ወክሎ የሚያጽናናው ማን ሆነና!

ሰው ሁሉ ዞሮ አባባን አየው። እሱ ቀድሞ ሳቀ፣ የተሰበሰበው ሰው እንዳያፍር ብሎ። «ቁርጥ እኔን! ጎበዝ ነው ልጄ» አለ።

ባለፈው እሁድ እትዬ ጽጌማርያምን ቀበርን። አባባ እንደወትሮው ሊናገር ተነስቶ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ከኋላ ጎረምሶቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። ባርኔጣውን መልሶ ደፋና ተቀመጠ። የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ኪዳነወልድ በድንጋጤ ተነስተው ያገኙትን ተናግረው አበቁ። አባባ ከዚያ ወዲህ ቤትም ውስጥ ብዙ አያወራም።

አሁን ክፍል ሁለት ሊሠራ ነው፣ ዘበኛውንም ላንተው ሰጥተውሃል አሉ። እንጀራህ ነው፣ አውቃለሁ። ቲያትር ተምረህ ስንት ጊዜ ሥራ ፈት እንደተቀመጥክም አልረሳሁም። ቢሆንም ተናድጃለሁ፣ የተናደድኩትም ባንተ ነው። እነሱማ አባባን አያውቁትም።

ትናንት ጫማውን እያሰረ ቀና ሳይል በዚያችው በአማርኛችን ጠየቀኝ።

«ያብስራ፣ እኔ ሲናገር ሰው ይስቃል እንዴ?»

ጥያቄው ላንተ ነው ባርናባስ፤ ውሉን ከመፈረምህ በፊት ና፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጠህ መልስለት።

እየተቆጣችም የምትናፍቅህ
እህትህ ያብስራ
ከዲላ