አክስቴ የላከችው ሥር

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10፣ አሶሳ

አክስቴ ዘሃራ ከቶንጎ የላከችልኝን ሥር ዛሬ ቤተ ሙከራ ውስጥ ፈተንኩት። እህቴን ሐዋን ምጥ ሲጠናባት አክስቴ ያጠጣቻት ይህንኑ ሥር ነው። ሐዋ ማህፀኗ ተቀዶ ሞተች፤ ሕፃኑም አልተረፈም።

ሞቅ ባለ ጨዋማ ውሃ ውስጥ በሰቀልኩት የአይጥ ማህፀን ቁራጭ ላይ የሥሩን ጭማቂ ጠብ ሳደርግበት ጭምድድ ብሎ ቀረ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አንዴም አልላላም።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ደወለች። ያሳደገችን እሷ ናት።

«ልጄ፣ ሥሩን አየህ? ወላሂ፣ እንዲቀልላት ብዬ ነው። እኔ ነኝ የገደልኳት?»

«ገና አልጨረስኩም፣ አክስቴ» አልኳት።

«እሺ። አሁን የጎረቤት ሚስት ምጥ ይዟታል። ሥሩን ስጪን ይላሉ። ልስጥ?»

«እንዳትሰጪ! ጤና ጣቢያ ውሰዷት!» ብዬ ጮህኩ።



«ገባኝ፣ ልጄ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።