እስክትመርቂኝ እመላለሳለሁ

ባኒ፣ ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት

ውድ አበልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የባራኦና የባሕር ነፋስ አጥንት ውስጥ ይገባል ሲሉ ሰምቼ ስለ ጉልበትሽ ሳስብ ነበር። እህትሽስ፣ ልጆቿስ ደህና ናቸው? ስለ ልጅሽ በዚህ በመጀመሪያው መስመር ልጠይቅሽ ድፍረት አጣሁ፤ ወደ ታች እደርስበታለሁ። ስለ እኔ "ደህና ነኝ" ብዬ ጽፌ ነበር፣ መልሼ ሰረዝኩት። ወረቀቱ ራስጌ ላይ የምታይው ጥቁር ጭረት እሱ ነው።

ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። እንደምታውቂው ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ እጄም ሣጥን መሸከም እንጂ ብዕር መያዝ አልለመደም። ማንጎ ማሸጊያው ቤት በምሳ ሰዓት ሣጥን ገልብጬ እቀመጥና ጥቂት መስመር እጽፋለሁ። ሴቶቹ "ሚለዲስ ባል አግኝታለች፣ ይኸው የፍቅር ደብዳቤ!" እያሉ ይስቁብኛል። እኔ መጻፌን እቀጥላለሁ።

ሳህንሽ ደርሶኛል። የአውቶቡሱ ሹፌር በስቅለት ዕለት ደጄ ድረስ አምጥቶ "ከባራኦና ነው፤ ሴትየዋ ጠብታ ብታፈስ አንገትህን እቆርጠዋለሁ ብላኛለች" ብሎ ሰጠኝ። ክዳኑን ስከፍተው በየፋሲካው በወተትና በስኳር የምትቀቅይው ጣፋጩ ቦሎቄ ነው። ብስኩቶቹን እንደየዓመቱ ከላይ በመስቀል ደርድረሻቸዋል። አበልጄ፣ እኔ በልጅሽ ላይ ያንን ከተናገርኩ በኋላ ስኳሩን በምን እጅሽ ለካሽው? ቆሜ በላሁት። ለማንም ሳላካፍል ጨረስኩት። ከዚያ ሳህኑን አጥቤ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፤ ባዶውን እንዳልመልሰው ነውር ነው፣ ሞልቼ እንዳልመልሰው ደግሞ ዓይን አጣሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብሎ አየኝ።

አንቺ ነግረሽኝ ነበር። ልጄ ዋንደር ሞተሩን በገዛ በሳምንቱ፣ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አስፈትቶ ሰፈሩን ሲያደነቁረው፣ አጥሬ ላይ ተደግፈሽ "አበልጄ፣ አታጨብጪለት። ልጅ የተጨበጨበለትን ይደግማል" አልሽኝ። እኔ ደግሞ "ያንቺ ልጅ የፖሊስ ልብስ ስለለበሰ፣ የሰው ልጅ ሁሉ በሰልፍ ይሂድልሽ?" አልኩሽ። ሳቅሽ። ያ ሳቅ የደስታ እንዳልነበር ያን ጊዜም አውቄዋለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር። አባቱ ጥሎን ከሄደ ጀምሮ ይህ መንገድ ስለ ቤቴ የሚያወራው ከንፈሩን እየመጠጠ ነው። ልጄ ከፋርማሲው ጥግ ጀምሮ ባንድ ጎማ ሲመጣ ግን ሴቶቹ ባልዲያቸውን መሬት አስቀምጠው "ሚለዲስ፣ ይሄን ልጅ ከማን ወለድሽው?" ይሉኝ ነበር። "ከነፋስ" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔም ቀኑን ሙሉ ቀና ብዬ እውላለሁ። ያለ መንጃ ፈቃድ፣ ያለ ታርጋ እንደሚነዳ አውቅ ነበር። ልጅሽ ራዳሜስ ስንት ጊዜ መጥቶ "ክርስትና እናቴ፣ ወረቀቱን እንዲያወጣ ንገሪው፤ እኔ ካልያዝኩት ሌላው ይይዘዋል" እንዳለኝ እሱ ይመስክር። ምሳ አቀርብለትና ወሬ እቀይርበታለሁ።

ከሁሉ የምወደው ሰላምታውን ነበር። ሌላው ልጅ ሲወጣም ሲገባም በአፉ "መርቂኝ እማ" ይላል፣ እናቱም "እግዚአብሔር ይባርክህ" ትለዋለች። የእኔ ልጅ በሞተሩ ነበር የሚጠይቀኝ። ደጄ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርግና የፊት ጎማውን ያነሳል፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ቀኝ እጄን አነሳለታለሁ። እጄን ካየ ጎማውን አውርዶ ይሄዳል። ካላየ አይሄድም። አንቺ ራስሽ አንድ ቀን "ይሄ ልጅ ቄስ ነው ወይስ ፈረሰኛ?" ብለሽ ስቀሻል።

አሁን ወደዚያ ሰኞ ልምጣ። እጄ ደከመኝ እንዳልል ትናንትም እዚህ ቦታ ላይ ነው ያቆምኩት።

እሁድ ከሰዓት የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና "እማ ሚለዲስ፣ ነይ የልጅሽን ጉድ እይ" አለችኝ። የተቀረጸው አውራ ጎዳናው ላይ ነው። ዋንደር ኮርቻው ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይበራል። ከኋላው የፖሊስ ሞተር አለ። ዳር የቆሙት ልጆች ቤዝቦል እንደሚያይ ሰው ይጮኻሉ። ልጄ ዘወር ብሎ ለፖሊሱ እጁን ያውለበልባል። ሳጨበጭብ የኖርኩት ምን ላይ እንደሆነ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሰኞ ጠዋት ሊወጣ ሲል ተጣላን። "አንድ ቀን ሬሳህን ያመጡልኛል" ስለው "እማ፣ እነዚያ ፖሊሶች እኮ ፍሬን መያዝ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ የት አግኝተውኝ!" አለኝ። ፀጉሬን ነካ አድርጎ "በይ መርቂኝ ልሂድ" አለኝ። "የኔን ምርቃት አትጠብቅ" አልኩት። "ከፖሊስ የሚሮጥን ልጅ ፖሊስ ይመርቀው።" ያን ያህል ነው የተናገርኩት። እሱ ግን መች ይቆጣል! ሞተሩን አስነስቶ "እሺ፣ እስክትመርቂኝ እመላለሳለሁ፤ የማንኛችን ቤንዚን ቀድሞ እንደሚያልቅ እናያለን!" ብሎኝ ሄደ።

እንዳለውም ተመላለሰ። ከቁርስ በኋላ መጣ፣ ሁለት ክላክስ፣ ጎማ ወደ ላይ። እጆቼን ብብቴ ውስጥ አጥፌ አየሁት። ዞሮ መጣ። አሁንም እንደዚያው። በሦስተኛው ዙር፣ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ዶኛ ፊኔሳ በመስኮቷ ብቅ ብላ "ሚለዲስ፣ እጅሽን ምን ነካው? ስጪውና ይሂድ እንጂ፣ የልጁን ቤንዚን ጨረሽው!" አለችኝ። ልስቅ ምንም አልቀረኝ። እልሄ በለጠኝ፣ አልሳቅሁም።

ከዚያ የውሃው ቦቴ መጣ። ከቤቴ ዝቅ ብሎ ጥጉ ላይ መንገዱን ዘግቶ ቆመ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ባልዲውን ይዞ ከቦቴው ጀርባ ተሰለፈ። የእኔ በርሜል ሙሉ ስለነበር ከደጄ አልተንቀሳቀስኩም። ለዚህ ነው ያየሁት እኔ ብቻ የሆንኩት። ለዚህ ነው የእኔ ቃል እንዲህ የከበደው።

ሳይረን ሰማሁ። በስታዲየሙ በኩል ፍተሻ ነበር፤ ዋንደርን ሲያስቆሙት አልፏቸው ሮጠ፣ ራዳሜስ ተከተለው። መርማሪው እስካሁን የሚጠይቀኝ አንድ ነገር አለ። "ልጁ በወንዙ በኩል ቢታጠፍ ማንም አይደርስበትም ነበር። ወደዚህ ጠባብ መንገድ ምን አመጣው?" ይለኛል። "እናቱ ቤት ሊሸሸግ ነው" አልኩት። ጻፈው።

አበልጄ፣ ልጅሽ ፋርማሲው ጋ ቆሟል። ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው መሰለኝ የለየው። ሞተሩን አቁሞ፣ ሄልሜቱን አውልቆ፣ አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ "ዋንደር! እኔ ነኝ! አልከተልህም፣ ቀስ በል!" እያለ ሲጮህ በሁለት ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ከፋርማሲው እስከ ቦቴው ድረስ ዘጠና ሁለት እርምጃ ነው፤ ከቀብሩ በኋላ ብቻዬን ሄጄ ለካሁት። ፋርማሲው ጋ የቆመ ሰው ቦቴው ጋ ያለን ሞተር በእግሩ አይመታም።

ዋንደርም ሰምቶታል፤ ስቋል። የሚያሳድደው አልነበረም። ደጄ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረገ። ጎማውን አነሳ። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ካለፈኝም በኋላ ፊቱን አልመለሰም፤ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ እያየኝ ሄደ፣ ሕፃን ሳለ ዳቦ ሲለምነኝ እንደሚያደርገው ቅንድቡን ከፍ አድርጎ። ቦቴው እዚያው ነበር።

እጆቼ ያን ጊዜ የት እንደነበሩ ማንም አልጠየቀኝም። አንቺም አትጠይቂኝ።

ከእኔ ቀጥሎ ራዳሜስ ደረሰ። የዋንደርን ራስ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነበር። ልጅሽ አጠገቤ ተንበረከከና ከሕፃንነቱ ጀምሮ ባየኝ ቁጥር የሚለኝ ቃል ወጣው፦ "ክርስትና እናቴ፣ መርቂኝ።" ልማድ ነው፣ አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ያንን ቃል ከማንም አፍ ልሰማው አልቻልኩም። "አንተ ነህ የገደልከው!" ብዬ ጮህኩበት።

ሰዉ ከቦቴው ጀርባ ሮጦ ሲመጣ የሰማው ይህንን ነው። የዋንደር ጓደኛ ዮርኪ ትከሻዬን ይዞ "መታው እንዴ እማ ሚለዲስ? ሞተሩን በእግሩ መታው?" አለኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ውሸቴ ቃል እንኳ አልነበረውም፤ ራስ መነቅነቅ ነው። ከዚያ ወዲያ የነቀነቅኩትን መልሼ መዋጥ አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን ፖሊስ ጣቢያ "በዓይኔ አይቻለሁ" ብዬ ፈረምኩ። ስሜን ስጽፍ ስለምዘገይ ጸሐፊው "አይዞዎት፣ ቀስ ብለው" እያለኝ ነበር። ጊዜ ነበረኝ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ማቆም እችል ነበር።

ቀብሩ ላይ ልጆቹ ከሬሳ መኪናው ፊት ጎማ እያነሱ ከተማውን አዞሩት። ዮርኪ መጥቶ "ይሄ ክብሩ ነው እማ" አለኝ። ከዚያ ቤትሽ ላይ ድንጋይ ወረወሩ። መጋረጃዬን ገልጬ አየሁ። አንቺ በዚያ በሚያምሽ ጉልበትሽ ተንበርክከሽ የመስኮትሽን ስብርባሪ ትለቅሚ ነበር፤ አንድ ጊዜ ቀና ብለሽ ወደ ቤቴ አየሽ። መጋረጃውን መለስኩት። ለዋንደር ነፍስ የሚደረገው የዘጠኙ ቀን ጸሎት ሳያልቅ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ባራኦና ሄድሽ። የሰፈሩ ሰው "ወንጀለኛ ይሸሻል" አለ። እኔ እዚያ ተቀምጬ መቁጠሪያዬን እገፋ ነበር። ዋንደርን ብስክሌት ያስተማረው ማን ነበር? ኮርቻውን ይዞ በዚህ መንገድ አብሮት ሲሮጥ የዋለው ራዳሜስ አልነበረም? ይህን ለመርማሪው አልነገርኩትም።

ልጆቹ እስከ ዛሬ በደጄ ሲያልፉ ለዋንደር ክብር ብለው ሁለት ጊዜ ክላክስ አድርገው ጎማ ያነሳሉ። "ተዉ፣ በእናታችሁ!" ብላቸው "ለእሱ ነው እማ!" ይሉኛል። አሁን የሞተር ድምፅ ገና ከፋርማሲው ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ እወጣለሁ። ሳይደርሱ፣ ከሩቁ፣ እጄን አነሳላቸዋለሁ። ወደ ፊት እንዲያዩ።

ትናንት ፍርድ ቤት ሄጄ ቃሌን መቀየር እፈልጋለሁ አልኳት ጸሐፊዋን። ከላይ እስከ ታች አየችኝና "እትዬ፣ ቃል እንደ ጫማ አይቀየርም። ሐሙስ የፖሊሱ ክስ ቀጠሮ አለ፣ ለዳኛው ይንገሩ" አለችኝ። ለእኔ የቆመልኝ ጠበቃ "በሐሰት መመስከር ያሳስርሻል፤ ደግሞ ሰፈርሽ ምን ይልሻል?" ብሎ ተቆጣኝ። ሰፈሬ የሚለውን ይበል። ዮርኪን ትናንት ማታውኑ አስጠርቼ ነግሬዋለሁ። ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ ይዞ ሰማኝና ሞተሩን እየገፋ ወጣ። አላስነሳውም።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እሱን የምጠይቅበት ቀን ገና ነው። አንድ ነገር ብቻ ለራዳሜስ ንገሪልኝ። ሐሙስ ዳኛው ፊት ሲያየኝ አንገቱን ይደፋ ይሆናል፤ አይፈረድበትም። "መርቂኝ" እንዳይለኝ ግን ንገሪው። አይጠይቀኝ። በሩን ከፍቶ ሲገባ እጄን ቀድሜ አነሳለሁ።

ሳህንሽን በማንጎ ሞልቼዋለሁ፤ ከዛፉ የወረደው ትናንት ነው፣ ሁለት ቀን አቆይተሽ ብይው። እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። መስኮት የማይሰበርበት ቤት ይስጥሽ። ልጅሽን በደጅሽ ሲወጣና ሲገባ ያሳይሽ።

የልጅሽ የክርስትና እናት