ሳይጠየቁ ኪሳራቸውን የተናገሩት የአቶ ኪዳነወልድ እንደሻው የሕይወት ታሪክ

አቶ ኪዳነወልድ ከአባታቸው ከባላምባራስ እንደሻው ወልደ ጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰገነት ሀብተወልድ፣ አባታቸው ከሸዋ በመጡ በዓመቱ፣ በ፲፰፻፹ ዓ.ም. ሐረር ፈላና በር አጠገብ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ከጎረቤት ልጆች የለመዱት ሐረሪኛም ኋላ በጊደር መጋላ ገበያ ሲነግዱ ጠቀማቸው።

በ፲፱፻፪ ዓ.ም. ወይዘሮ ለተማርያም ዘውዴን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ።

በ፲፱፻፲፮ ዓ.ም. ከሐረሪው ነጋዴ ከአው ዐብዱልቃዲር ኑርና ከባለቤታቸው ወንድም ከአቶ ለገሠ ዘውዴ ጋር ቡና ወደ ድሬዳዋ የሚልክ የአክሲዮን ማኅበር አቋቋሙ። ክርስቲያኑም እስላሙም እርሳቸውን አምኖ ገንዘቡን አስገባ፤ አክሲዮኑም በገበያው ከእጅ ወደ እጅ ይሸጥ ጀመር።

በ፲፱፻፳፫ ዓ.ም. የቡና ዋጋ ወድቆ የማኅበሩ ገንዘብ እኩሌታው ጠፋ። አዲስ አክሲዮን ለመሸጥ ግን ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ኪሳራን ለሕዝብ ንገሩ የሚል ደንብ አልነበረም። አቶ ለገሠ፣ «ማንም ሳይጠይቀን ቤታችንን በእጃችን ለምን እናፈርሳለን? ዋጋው ሲመለስ ይሞላል» ብለው ለመኗቸው። አው ዐብዱልቃዲር ግን፣ «ወላሂ እኔም ፈርቻለሁ፤ ነገር ግን የሰው ገንዘብ አማና ነው፣ አደራ ነው» አሉ።

በስብሰባው ወይዘሮ በለጡ የሚባሉ መበለት የመሬታቸውን ሽያጭ ይዘው አክሲዮን ሊገዙ መጥተው ነበር። አቶ ኪዳነወልድ ተነሥተው፣ «ሳትገዙ እወቁት። እስከ ዛሬ ከገባው እኩሌታው የለም» አሉ።

መበለቷ ገንዘባቸውን ይዘው ተመለሱ። ባለ አክሲዮኑ ግን ድርሻዬን ስጡኝ እያለ በሩን አጣበበ፤ ማኅበሩም ክረምቱ ሳይወጣ ፈረሰ። አቶ ለገሠ ቤታቸውን ሸጠው ድሬዳዋ ወረዱ፤ ከዚያ ወዲህ የእኅታቸውን ደጅ አልረገጡም። አቶ ኪዳነወልድም ሐኪም ጋራ ላይ ያለውን እርሻቸውን ሸጠው ለደኸዩት አካፈሉ፤ አልበቃም። ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ሰላምታ የነሷቸው ነበሩ። «ዝም ብል ኖሮ ማኅበሩ ይተርፍ ነበር ይሆን?» እያሉ ባለቤታቸውን ይጠይቁ ነበር።

ሕመም ሲጸናባቸው፣ «ለገሠ መጥቶ ይየኝ» ብለው ላኩ። መልስ ሳይመጣ ጥር ፳፫ ቀን ፲፱፻፳፯ ዓ.ም. በተወለዱ በ፵፯ ዓመታቸው ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አቶ ለገሠ ቀርተዋል። የአቶ ለገሠ ስም ከቤተ ሰቡ ጋር ይጠራ ዘንድ ያዘዙት ሟቹ ራሳቸው ናቸው።

የጎደለውን ከሰው ላልሸሸጉት አባት፣ እግዚአብሔር የጎደላቸውን በምሕረቱ ይሙላላቸው።