አራተኛው ጨዋታ

ጥር 12 ቀን 2013

ሮማን ለዜግነት ቃለ መጠይቄ ፖላሪስ የሚባል ሰፈር ወዳለ ጠበቃ ወሰደችኝ። የእህቴ ልጅ ናት። ያኔ የግሪን ካርድ ፎርሜን ስትሞላ በእኛ አቆጣጠር ያለውን ልደቴን፣ ሚያዝያ 1935ን፣ ሳትቀይር እንዳለ ገለበጠችው። ለአሜሪካ ሰማንያ አምስት ዓመቴ ነው። ስምንት ዓመት በስጦታ…

ጠበቃው ሚስተር ፊንታን አየርላንዳዊ ነው። ጆሮው የተረገጠ ድንች ይመስላል። ግድግዳው ላይ በጭቃ የተለወሰ ጎረምሳ ፎቶ… ራሱ ነው። ወረቀቴን ሳይገልጥ፣ «ለአገሬ አራት ጊዜ ራግቢ ተጫውቻለሁ» አለኝ። ያ ኳስ አቅፈው የሚጋጩበት ጨዋታ።

ሮማን ስልኳን ጎርጉራ፣ «እትዬ፣ ሦስት ነው የሚለው» አለች።

«ማስረጃ አለዎት?» አልኩት።

«ቃሌ።»

ጠበቃ… ቃሌ ሲል!

ጥር 20

ፊንታን ልደቱን እንዳለ እንድተወው መከረኝ። «አሁን ካረሙት ‹ለምን ዋሹ?› ይላሉ። ዜግነቱን ሊከለክሉዎት ይችላሉ።»

ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ጣቴን በማስመሪያ የተመታሁ ሴት፣ እጄን አንሥቼ በሐሰት ዕድሜ ልማል? ቢከለክሉኝ ይከልክሉኝ።

«እርስዎስ አራተኛውን ለምን አላሳረሙም?»

አቀረቀረ። የተጎዳ ሰው ተክቶ አምስት ደቂቃ ገብቶ ነበር አለ… መዝጋቢው የሌላ ሰው ስም ጻፈ። አምሳ ዓመት ዝም! የራሱን ስም ያላስመለሰ የእኔን ልደት ሊያስመልስ… ጥሩ ሰው እጅ ወደቅኩ።

የካቲት 3

ደወለ። «ዓመታችሁ ስንት ወር አለው?» አሥራ ሦስት አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

መጋቢት 15

የዜግነት ቃለ መጠይቅ። ኦፊሰሯ፣ «ከሁለቱ ልደቶች ትክክለኛው የቱ ነው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ፊንታን የክርስትና ወረቀቴንና የእኛን ካላንደር ዘርግቶ፣ አንገቱን ቀብሮ ገባባት።

«ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስሕተቱ አንዱን በሌላው አቆጣጠር ማንበብ ነው።»

ታረመ። አለፍኩ። ሰባ ሰባት ሆንኩ!

መኪና ውስጥ ሮማን፣ «ኦ ማይ ጋድ፣ እትዬ፣ ወጣት ሆኑ!»

«ያስረጀሽኝ አንቺ ነሽ» አልኳት።

ፊንታን ሲሸኘን ያነክስ ነበር። ለካ ጉልበቱም… አልጠየቅኩትም።

ኅዳር 9 ቀን 2014

ሚስተር ፊንታን አረፉ። ፎቷቸው ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፤ ያው ጭቃ። «ለአየርላንድ ሦስት ጊዜ ተጫውተዋል» ይላል።

ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ሦስትን ሰርዤ አራት አልኩ። ለአዘጋጁ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ስሕተት የለበትም።

ሮማን አንብባ፣ «እትዬ፣ ማስረጃ አለዎት?»

«ነግረውኛል። ተነሺ፣ ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ።»