የጽናት አልማዝ

ወንድምአገኝ፣

ልጅህን ጽናትን አገኘኋት፤ ደህና ናት። መደወል የተወችው አፍራ ነው። ለትምህርቷ ጨረር የምትለካበት ሰው ሠራሽ አልማዝ ሦስት ወር ሙሉ ልኬቱን እያሳነሰ አስቸገራት። የምስር ፍሬ ያህላል።

"ጋሼ ሽመክት፣ ጥርት ያለ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እንከን አለው። የኤሌክትሪክ ቻርጁ እዚያ ተይዞ ይቀራል" አለችኝ።

"እንደ አገራችን እንደ ሞላሌ መንገድ በይኛ። ክረምት ላይ ጉድጓዱን በድንጋይ ካልሞላነው አውቶቡስ መች ያልፋል?"

ሳቀች። "እኛም እንሞላዋለን፣ በጨረር። ቀድሞ የመጣው ቻርጅ እንከኑን ሲሞላው የኋለኛው ያልፋል።"

ዛሬ ልኬቱ ተስተካከለላት። ሦስቴ ደግማ ካየች በኋላ ነው የተቀመጠችው።

እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሱ ትደውላለች። ስለ ትምህርቱ አትጠይቃት፤ በልታ እንደሆነ ጠይቃት። የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። ለእናቷ ለጥሩሸዋ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጅቱ መክሳቷን ግን እንዳትነግራት።

ሽመክት